ከታደለች አልጋ በላይ የነበረው ቅጥያ

መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ሰላማዊት ልጄ ናት፤ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሙያ ትማራለች። ዘነበች ባለቤቴ ናት። ታደለች ከግቢያችን ጀርባ ያለውን አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት የተከራየች፣ ከሆሳዕና አካባቢ የመጣች ወጣት ናት። ማርቆስ ባሏ ነው፤ ጉርድ ሾላ በሚሠሩ ሕንፃዎች ላይ ግድግዳ ይለስናል። አምስተኛዋ ያን ጊዜ ገና ስም ያልወጣላት፣ በሰባት ወሯ የተወለደች ሴት ልጃቸው ናት። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ጌታቸው እባላለሁ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ራሴን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው ቤታችን ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ቤቴ ሊቃጠል ስለነበረ ብቻ አይደለም። ልጆቼን ሳትመረምሩ በሰው ላይ አትፍረዱ እያልኩ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። የፈረድኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያውም አራስ ላይ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። የኤሌክትሪክ ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከመንገድ ዳር ገዝቼ፣ መዝገበ ቃላት ጎኔ አስቀምጬ ለብቻዬ ተማርኩ። የቤቴን መስመር የዘረጋሁት ራሴ ነኝ። ጎረቤትም ሲቸግረው ይጠራኛል፤ ገንዘብ አልቀበልም። አንድ ልማድ አለኝ። ሥራ ስጨርስ እንጨቱ ወይም ግድግዳው ላይ ስሜንና ቀኑን በእርሳስ እጽፋለሁ። ሰው ለሠራው ነገር ስሙን መስጠት አለበት ብዬ ስለማምን ነው።

ለተከራይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለኝ፤ ስቶቭ ክልክል ነው። ወደ ሰርቪሱ የሚሄደው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ አይችልም። ታደለችና ማርቆስ ሲገቡ ይህን ነግሬያቸው እሺ ብለዋል። ሕፃኗ ጊዜዋ ሳይደርስ ተወልዳ ከሆስፒታል ሲያመጧት ግን አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ፈቀድኩ። ሐኪሞቹ ብርድ እንዳይነካት አደራ ብለው ነበር። የእኛ ሰፈር በክረምት የእንጦጦ ጉም ወርዶ በር ላይ የሚተኛበት ነው። ታደለች ውሃ እያፈላች በጠርሙስ ትሞላና በጨርቅ ጠቅልላ ከልጅቷ ጎንና ጎን ታስቀምጣለች። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ታፈላለች።

አንድ ቀን ወደ በራፌ መጣች።

«ጋሼ፣ ውሃ ማፍያው ደክሟል። ቶሎ አያፈላም። እሱን ስሰካ መብራቱም ይፈዛል።»

ሄጄ ከውጭ በመስኮቱ አየሁ። እውነትም አምፖሉ ሊጠፋ እንደተቃረበ ሻማ ሆኗል። እኔም ወዲያው ምክንያቱን አወቅሁ አልኩ። መብራት የሚፈዘው ሌላ ነገር ኃይሉን ሲስበው ነው። ያቺ ትንሽ ውሃ ማፍያ ብቻዋን ይህን ያህል አትስብም። ስለዚህ አልጋ ስር ስቶቭ አለ።

የሰርቪሱን ፍጆታ የምትለካ ትንሽ ቆጣሪ አለችኝ። ሄጄ አነበብኳት። ስቶቭ ካለበት ቤት ይቅርና ከጠበቅኩትም ያነሰ ነበር የቆጠረችው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ቆጣሪዋ እውነቱን ነግራኛለች። እኔ ግን ቆጣሪውንም ነካክተውታል አልኩ። ሰው አንዴ ከጠረጠረ፣ ነፃ የሚያወጣውን ማስረጃ እንኳ ሌላ ጥፋት አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህን በራሴ አይቻለሁ።

«ታደለች፣ ስቶቭ አለሽ» አልኳት።

«የለኝም ጋሼ። ገብተው ይዩ።»

«የሰው ቤት አልበረብርም። ወሩ ሲያልቅ ግን ሌላ ቤት ፈልጉ።»

ሕፃኗን በደረቷ ላይ በነጠላ አስራት ነበር። በሩን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ዘጋችው። ገብተው ይዩ ስትለኝ አለመግባቴን እንደ ጨዋነት ቆጥሬው ነበር። ብገባ ኖሮ አልጋው ስር ካርቶንና የሕፃን ጨርቅ ብቻ አይ ነበር። አለመግባቴ ጨዋነት አልነበረም። መሳሳቴን ላለማየት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መብራቱ መፍዘዙን አቆመ። በየጊዜው በመስኮቱ አያለሁ፤ ደህና ይበራል።

«አየሽ?» አልኳት ዘነበችን። «ስቶቩን አርቃዋለች።»

«አንተ ካልክ ምን ይባላል» አለችኝ ሽንኩርቷን እየላጠች። «ዳኛውም ፖሊሱም አንተ ነህ።»

ማርቆስ ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ መምጣቱን ትቶ በቀበናም በሰፈራችንም ቤት ይፈልግ ጀመር። አከራዮቹ ዋጋውን ተስማምተው ሕፃን አለ ሲባል ይመልሱታል። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

አሥራ አንደኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሰላማዊት ለሥራ ልምምድ ደብረ ብርሃን ሰንብታ ያን ጠዋት ተመለሰች። ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ እናቷን ስማ፣ ሕፃኗን ለማየት ወደ ሰርቪሱ ሄደች። ብዙ ቆየች።

የውሃ ተራችን ስለነበር ግቢው ውስጥ ሮቶ እየሞላሁ ነው። የውሃው ጎማ መሐሉ ላይ ተቀዶ በላስቲክ አስሬዋለሁ። ሰላማዊት መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፊቷ ተለዋውጧል።

«አባዬ፣ ያ ቤት በረዶ ነው። ታደለች ያላትን ልብስ ሁሉ ደራርባ ልጅቷን ደረቷ ላይ አድርጋ አልጋ ውስጥ ተቀምጣለች። ውሃ ማፍያውን ከሰካች አሥራ አንድ ቀኗ ነው።»

«ለምን? እሱን እኮ ፈቅጄያለሁ።»

«መብራቱ እንዲፈዝ ስለማትፈልግ ነዋ። ከፈዘ አንተ ስቶቭ አለሽ ልትላት ነው።»

እጄ ላይ ያለው ጎማ ከበደኝ። ነገር ግን ሰው ክብሩን ቶሎ አይለቅም።

«መብራት የሚፈዘው የሚስበው ሲኖር ነው» አልኳት። «ይህን ካንቺ በፊት ነው የተማርኩት።»

ሰላማዊት ወደ ጎማው ዞረች። እግሯን አንስታ ጎማውን ረገጠችው። ወደ ሮቶው የሚወርደው ውሃ ቀጠነ።

«አሁን ውሃውን ማን ሰረቀህ?»

«እግርሽን አንሺ።»

«መጀመሪያ መልስልኝ።»

«ማንም። ረግጠሽዋል።»

«እሺ። ውሃው ያነሰው የሚወስደው ስላለ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ የሚያግደውም ሲኖር ያንሳል። የታደለችን መስመር ምን እንደረገጠው አይተሃል?»

«የእኔን ሥራ ነው የምትይው?»

«መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ። ቁጥሩ እኔን ካሳፈረኝ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

አንተን ካሳፈረህስ አላለችኝም። ይህን ስላላለችኝ ተከትያት ሄድኩ።

ታደለች ስንገባ ከአልጋው ልትነሳ ሞከረች። ተቀመጪ አልኳት። ክፍሉ ውስጥ ስተነፍስ ትንፋሼ ይታየኝ ነበር። ሰላማዊት ከእኛ ቤት ሶኬት ላይ ለክታ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት አግኝታ ነበር። የታደለችን ሶኬት ስትለካም ያው ሁለት መቶ ሃያ ሆነ።

«ደህና ነው ታዲያ» አልኩ።

«ምንም ስላልተሰካ ነው። ጎማው ቢረገጥም ቧንቧው ከተዘጋ ልዩነቱ አይታይም። ውሃው ሲሄድ ነው የሚታወቀው። ታዱ፣ ማፍያውን ስኪው።»

ታደለች ሰላማዊትን ትታ እኔን አየችኝ።

«ይሰካ ጋሼ?»

ይህ ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ለገዛ ልጇ ውሃ ለማፍላት ፊቴን ታነባለች።

«ስኪው ልጄ» አልኳት።

ሰካችው። አምፖሉ ፈዘዘ። በመለኪያው ላይ ቁጥሩ ወርዶ መቶ ሰማንያ ላይ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ ከአንድ አምፖልና ከአንዲት ውሃ ማፍያ በስተቀር ምንም እንደሌለ ዓይኔ አየ።

«አርባው ቮልት የት ገባ?» አልኩ።

«መንገድ ላይ ቀረ» አለች ሰላማዊት። «ከእኛ ቤት እስከዚህ ባለው መስመር ላይ አንድ የጠበበ ቦታ አለ። ሬዚስታንስ የምንለው እሱን ነው፤ ከረንቱን የሚያግደው ነገር። ከረንቱ እዚያ ጋ እየታገለ ስለሚያልፍ መጠኑ ይቀንሳል፤ ትግሉ ደግሞ ሙቀት ይሆናል። የታደለችን ውሃ ማሞቅ የነበረበት ሙቀት ሌላ ቦታ እያሞቀ ነው።»

«ይህ ሁሉ ካለ ቫልቮላው ለምን አልወረደም? ችግር ሲኖር መስመሩን እንዲቆርጥ ነው እኮ ያስገባሁት።»

«የሚቆርጠው ከረንት ሲበዛ ነው አባዬ። እዚህ የበዛ የለም። ቀንሷል። ቫልቮላው የሚያየው ጥፋት የለም።»

ለዓመታት ያንን ቫልቮላ ተማምኜ ተኝቻለሁ። አንድ ዓይነት ጥፋት ብቻ የሚያይ ዘበኛ እንደነበረ አላወቅኩም።

ያኔ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ላስቲክ ዓይነት ነው፤ ቀጭን።

«ይሄ ሽታ ውሃ ሳፈላ ሁሌ ነበር» አለች ታደለች። «ከጎረቤት የሚመጣ መስሎኝ ነው።»

ሰላማዊት ማፍያውን ነቀለች። እኔ ሮጬ ዋናውን አጠፋሁ። መሰላል አምጥቼ ሽታው ከሚበረታበት ቦታ፣ ልክ ከአልጋው በላይ፣ አንዱን የኮርኒስ ጣውላ ፈታሁ። ጣውላውን ስገለብጠው ጀርባው ከሰል ሆኗል። የቀረው ውፍረት ከጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ከላዩ የተንጠለጠለው ሽቦ ቅጥያ ላይ የእኔ ቀይ ናስትሮ ቀልጦ ተንጠባጥቧል። ሌላ ሰው ቀይ ናስትሮ አይጠቀምም፤ እኔ ነኝ። አጠገቡ ባለው ማገር ላይ በእርሳስ የተጻፈ ጽሑፍ አለ። ጌታቸው ይላል። ቀኑም አለ።

ሁሉም ትዝ አለኝ። ያን ሰርቪስ ስሠራ የመዳቡ ሽቦ ሁለት ሜትር ያህል አጠረኝ። ዝናብ መጥቷል፤ ሱቅ ለመውረድ ሰነፍኩ። ቤት የነበረኝን የአሉሚኒየም ሽቦ አምጥቼ ከመዳቡ ጋር በፒንሳ ጠመዘዝኩትና በናስትሮ ጠቀለልኩት። ሁለቱ አብረው እንደማይስማሙ፣ ልዩ ማያያዣ እንደሚያስፈልጋቸው መጽሐፌ ይናገር ነበር። አንብቤዋለሁ። ለጊዜው ነው አልኩና ስሜን ጽፌ ዘጋሁት። በየዓመቱ መጋጠሚያው እየዛገና እየላላ ከረንቱን ማነቅ ጀመረ። እኔ አልጋ ስር ሌባ ስፈልግ አጋጁ ከአልጋው በላይ ነበር፤ ስሜም ተጽፎበታል።

ሰላማዊት ከታች ሆና ወረቀት ላይ አሰላች።

«ውሃ በምታፈላበት ጊዜ ሁሉ ወደ መቶ ሃምሳ ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይወጣል። እነዚያ ድሮ እጅ የሚያቃጥሉት ትልልቅ አምፖሎች እኮ መቶ ነበሩ።»

አሥራ አንዱን ቀን አሰብኩ። ታደለች እኔን ፈርታ ማፍያውን ባታቆም ኖሮ በቀን ሰባት ጊዜ ያ ጣውላ ይግም ነበር። ቤቴን ያተረፈው የእኔ ጥበብ ወይም የእኔ ሕግ አይደለም። የበደልኳት ልጅ ብርድን መርጣ ዝም ማለቷ ነው። ይህን የምጽፈው ጥፋቴ ወደ በጎ ተለወጠ ለማለት አይደለም። አልተለወጠም። ሕፃኗ በርዷታል።

ከመሰላሉ ወረድኩ። እጄ በጥላሸት ጠቁሯል። በእኛ ወግ የእኔ ዕድሜ ያለው ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ሽማግሌ ይልካል፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚናገረው። እኔ የምልከው ሰው ቢኖር እንኳ ጉዳዩን ማስረዳት የሚችል አልነበረም።

«ታደለች፣ ዋሽተሻል አልኩሽ። የዋሸው የእኔ ሥራ ነው። ይቅር በይኝ።»

ከአልጋው ተነሳች። እጄን አየችና ከጥግ ያለውን ጆግ አንስታ ሳሙና አቀበለችኝ። በበሩ ላይ አጎንብሼ ታጠብኩ፤ እሷ አፈሰሰችልኝ። ውሃው እንደ በረዶ ነበር። ከጨረስኩ በኋላ ፎጣ ሰጠችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ፈታ ሕፃኗን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ይያዟት ጋሼ። እኔ አልጋውን ከዚያ ቀዳዳ ስር ላውጣ።»

የራሴን ልጆች በዚያ ዕድሜያቸው አቅፌ አላውቅም። የሴት ሥራ ነው እያልኩ አልፌያለሁ። ያቺ ልጅ ከአንድ ዳቦ ክብደት የምትበልጥ አልመሰለችኝም። ጃኬቴን ከፍቼ ወደ ውስጥ አስገባኋት። ትንሽ ተቁነጠነጠችና ተኛች። ሰላማዊትና ታደለች አልጋውን እስኪገፉ፣ ከዚያም አልፎ አልንቀሳቀስም ብዬ ቆምኩ። ዘነበች በበሩ ብቅ ብላ አየችኝ።

«ዛሬስ ዳኛው ታሰረ» አለች።

እናትና ልጅን ወደ ዋናው ቤት አስገባናቸው። ማርቆስ ከሥራ ሲመለስ ሚስቱንና ልጁን እኛ ሳሎን አገኛቸው። ነገሩን ራሴ ነገርኩት፤ ሳላሳጥር። የተቃጠለውን ጣውላም ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። ልስን የለመደ ጣቱን ከሰሉ ላይ አሻሸ። ሊቆጣ መብቱ ነበር።

«ትናንት አንዷ አከራይ ሕፃን ታለቅሳለች ብላ መለሰችኝ» አለ። «ስንት ቤት እንደዞርኩ ይወቁት ጋሼ። ሌላ አልልም።»

«አውቄዋለሁ» አልኩት። «የትም አትሄዱም።»

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መስመሩን አዲስ አደረግነው። ወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ መሐሉ ላይ አንድም ቅጥያ የሌለው። መሰላሉ ላይ የወጣችው ሰላማዊት ናት፤ እኔ ከታች መሰላሉን ያዝኩ። ስትጨርስ እጇን ወደ ታች ዘረጋች።

«አባዬ፣ እርሳስህን።»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ማገሩ ላይ ከእኔ ስም በታች ሰላማዊት ጌታቸው ብላ ጻፈች። የእኔን አላጠፋችውም። አጥፊው አልኳት። ይቆይ አለችኝ።

ታደለች ማፍያውን ሰካች። አምፖሉ ንቅንቅ አላለም። ውሃው ሲንተከተክ ማርቆስ ሰማና ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ስቶቭ መግዛታችን ነው።»

«ግዛ» አልኩት። «ሽቦው ይችላል።»

ያን ቀን መጀመሪያ የሳቀችው ታደለች ናት።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት መሰላሌን ተሸክሜ ድሮ መስመር የዘረጋሁባቸውን የጎረቤት ቤቶች በሙሉ ዞርኩ። ዘጠኝ ናቸው። በየበሩ ቆሜ ሥራዬ ተሳስቷል፣ ልየው ብዬ መናገር ቀላል አልነበረም። አንዱ ጎረቤቴ «ጋሽ ጌታቸው፣ ይሄ መስመር ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፣ እኔን ይቀብረኛል ብለውኝ ነበር እኮ» አለኝ። ሊቀብርህ ነበር አልኩት። በሦስቱ ቤት ቅጥያው ጠቁሮ አገኘሁት። በሁሉም ላይ ስሜ ነበር።

ልጅቷ ናርዶስ ተባለች። አሁን በዳዴ ግቢውን አቋርጣ እኔ በር ድረስ ትመጣለች፤ የጃኬቴን ዚፕ መጎተት ትወዳለች። ሰላማዊት ተመርቃለች። እኔም አሮጌውን መጽሐፌን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና እያነበብኩ ነው፤ ያልገባኝን እሷን እጠይቃለሁ። ብቻውን የተማረ ሰው ትልቁ ጉድለቱ ያላወቀው ነገር አይደለም። ስህተቱን የሚያርመው ሰው አጠገቡ አለመኖሩ ነው። እኔ ግን ሰው ነበረኝ፤ ቆጣሪዋ ነገረችኝ፣ ሚስቴ ነገረችኝ፣ ታደለች ገብተው ይዩ አለችኝ።

የንብረት ክፍል ሠራተኛ ስለነበርኩ ሒሳቡን ሳልዘጋ ጽሑፌን አልጨርስም። ሽቦው አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር ፈጀ። ሳጥንና ማያያዣው ስድስት መቶ አርባ። ኮርኒሱ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ። የዘጠኙ ጎረቤቶች ማያያዣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ። የእኔ ወጪ በድምሩ ስምንት ሺህ አርባ ብር ነው። ያን ዝናባማ ቀን ሱቅ ወርጄ ብገዛው ኖሮ ማያያዣው አሥራ አምስት ብር ነበር። ስህተቴ ማርቆስን አሥር ምሽት የቤት ፍለጋ አስወጥቶታል። ታደለችንና ናርዶስን ደግሞ በእንጦጦ ክረምት፣ ያለ ሙቅ ውሃ፣ አሥራ አንድ ቀን።